የተማሪ ልጅን ምግብና ሩጫ የሚወስነው የቤቱ ልማድ ነው (የጅማ ወላጆች ውይይት)

መነሻ

ጤና ይስጥልኝ፣ የጅማ ወላጆች፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች። ጥያቄዬ አንድ ነው። የ8 ወይም የ9 ዓመት ተማሪ ጠዋት ምን እንደሚበላ፣ ትምህርት ቤት በእግሩ ይሂድ በባጃጅ፣ ማታ በስንት ሰዓት እንደሚተኛ የሚወስነው ማን ነው? ልጁ አይደለም። የምንሰጠው ምክርም አይደለም። ቤቱ በየሰዓቱ የሚያደርገው ነገር ነው ባይ ነኝ። ጎመን ብላ የሚባል ልጅ አባቱ ጎመኑን ወደ ትሪው ዳር ሲገፋ ካየ የሚማረው ከአባቱ እጅ እንጂ ከአፉ አይደለም።

ሦስት ልማዶች ላንሳ። አንደኛው ገና ምድጃ ላይ እያለ ስኳር የተጨመረበት የፔርሙስ ሻይ ነው። ሁለተኛው ጉርሻና የጋራ ትሪ፣ ሦስተኛው የወር ኮንትራት ባጃጅ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በየቀኑ በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ የልብ ምትን ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ከሳምንቱም ቢያንስ ሦስቱ ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር፣ እንደ ዝላይ ያለ ነገር እንዲኖርበት ይላል። ይህ 60 ደቂቃ በእኛ ቤቶች የት ገባ? የምታውቁትን በልክና በቁጥር አካፍሉን።

ውይይቱ ስለረዘመ አዲስ ለሚገቡ እንዲመች መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው አሳጥሬ ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ። ስም አልጠቀስሁም።

መልስ 1 የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት። ከመነሻው ጋር እንደምትስማማ በትህትና ገልጻ በቀጥታ ወደ ሒሳቡ ገባች። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር፣ የሚጨመር ስኳር ከቀኑ የምግብ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ነው። በቀን 1,600 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ ጣሪያው 40 ግራም፣ የተሻለው ደግሞ ከ20 ግራም በታች ማለት ነው። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ስለሚመዝን ሦስት ማንኪያ የገባበት ብርጭቆ 12 ግራም አለው። ጠዋት አንድ፣ ከትምህርት መልስ አንድ ሲጠጣ 24 ግራም ሆነ። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ሲታከልበት ሌላ 32 ግራም ገደማ ይመጣል። የተቆለለ ማንኪያ የሚጠቀም ቤት ሒሳቡን ከዚህ ከፍ አድርጎ ያስብ ብላለች።

መልስ 2 አንዲት እናት ሻዩ እንዴት እንደሚስተካከል ደረጃ በደረጃ አስቀመጠች። ለእኔ ከውይይቱ ሁሉ ጠቃሚው ይህ ነው። መጀመሪያ ስኳሩ ከፔርሙሱ ይውጣ። ጀበናው ወይም ድስቱ ላይ የተጨመረ ስኳር አይለካም፤ ለትልቁም ለትንሹም እኩል ይቀዳል። ስኳሩ በዕቃው ለብቻው ቀርቦ ትንሹ ማንኪያ በቢላ ጀርባ እየተላገ ይለካ። ከዚያ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ብቻ ይቀነስ። ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ ለመውረድ አራት ሳምንት ይበቃል። ሦስቱን በአንድ ቀን ወደ አንድ ማውረድ የሚከሽፈው ልጁ ሻዩን ትቶ በሳንቲሙ ከሱቅ ከረሜላ ስለሚገዛ ነው። ቅርንፉድ፣ ቀረፋ ወይም ትንሽ የተወቀጠ ኮረሪማ ሲገባበት የስኳሩ ማነስ ያን ያህል አይታወቅም። ሌላው የሚያበላሸው ነገር ትልልቆቹ በልጁ ፊት አራት ማንኪያ ማድረጋቸው ነው። መላው ቤት አብሮ ካልቀነሰ ልጁ የተቀጣ ይመስለዋል።

መልስ 3 ስኳሩን በጅማ ማር መተካት ችግሩን እንደሚጨርሰው በእርግጠኝነት የጻፈ ነበር።

መልስ 4 ነርሷ ተመልሳ አረመችው። ማርም ሆነ የጭማቂ ስኳር እንደሚጨመር ስኳር ነው የሚቆጠረው። ሙሉ ብርቱካን፣ ሙዝ ወይም ፓፓያ ግን አይቆጠርም፤ ስኳሩ ከነቃጫው ስለሚበላ ቀስ ብሎ ነው ወደ ደም የሚገባው። በጁስ ቤት ስፕሪስ ላይም ቢያንስ ከላይ የሚጨመረውን ስኳር ማስቀረት፣ ያለ ስኳር ማለት ይቻላል።

መልስ 5 ስለ ሻዩ ሰዓት ነው። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከጤፍ፣ ከምስርና ከጎመን የሚገኘው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዙታል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ ከምግቡ ጋር ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ ሲኖር ደግሞ ብረቱ ይበልጥ ይገባል። ጎመኑ ታጥቦ ይከተፍ እንጂ ተከትፎ አይታጠብ፤ ረጅም ሰዓት ተቀቅሎ ውኃው ከተደፋ ቫይታሚን ሲው አብሮ ይሄዳል።

መልስ 6 እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። አንድ አባት፣ ይህ ሁሉ ወር ጠብቆ ደመወዝ ለሚቀበልና እንቁላል ለሚገዛ ቤት የተጻፈ ነው ብሎ ተቆጣ። ዳቦ በሻይ የሚሰጠው ስለሚወደድ ሳይሆን ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ነው፤ ምክር የምትሰጡ ሰዎች መጀመሪያ ሒርማታ ገበያ ወርዳችሁ ዋጋ ጠይቁ ብሏል። ቁጣው ተገቢ ነበር። መነሻው ላይ ዋጋን ባለመጥቀሴ የጎደለው የእኔ ጽሑፍ ነው።

መልስ 7 የግብርና ባለሙያ ለዚሁ መለሰ። አባትየውን ሳይነቅፍ የጅማን ገበያ ዘረዘረ። ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ ቦሎቄ፣ በወቅቱ አቮካዶና ሙዝ ከከተማው ዙሪያ ነው የሚመጡት። ማታ የተቀቀለ ጎደሬ ወይም ድንች ጠዋት ሞቅ ተደርጎ ከቦሎቄ ንፍሮ ጋር ሲቀርብ ከዳቦ በሻይ የተሻለ ቁርስ ይሆናል፤ ጎደሬና ድንች የሚጎድላቸውን ፕሮቲን ቦሎቄው ይሞላዋል። ሽሮ በእንጀራም እህልና ጥራጥሬ ሲገናኙ አንዱ የጎደለውን ሌላው እየሞላ በዚያው መንገድ ነው የሚሠራው። ጎደሬ ግን በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ያሳክካል፤ ሹካ ያለችግር እስኪያልፈው ይቀቀል፣ ውኃውም ይደፋ። ቦሎቄው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ካደረ ከሰልም ጊዜም ይቆጥባል። አቮካዶን በተመለከተ ለተማሪ ግማሹ እንደሚበቃና ዳቦ ላይ ተቀብቶ ሎሚ ከተጨመቀበት ቶሎ እንደማይጠቁር አስታውሷል።

መልስ 8 ረጅሙና ብዙ ያከራከረው ነው። ጸሐፊው በዕድሜ የገፉ የሥነ ምግብ መምህር ናቸው። ትሪውን ከቅርብ እንድናየው አደረጉ። አምስት ሰው በአንድ ትሪ ዙሪያ ሲቀመጥ ሥጋው ወይም እንቁላሉ መሐል ላይ ይሆናል፤ በወጉ መሠረት የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። ፈጣኑ ልጅ ቀድሞ ይደርሳል፤ ዝምተኛው በቁሌት እንጀራ ጠግቦ ይነሳል። እናት ስትቆጥር ሁሉም በልቷል፤ ማን ምን እንደበላ ግን ትሪው አይናገርም። መፍትሔያቸው ትሪውን መተው አልነበረም። ከመበላቱ በፊት እንቁላሉ፣ ሥጋው ወይም አይቡ ተከፍሎ በየልጁ ፊት ይቀመጥ፤ ለ8 ዓመት ልጅ ግማሽ እንጀራ ይጀመርለትና ሲያልቅ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ተጠብቆ ከፈለገ ይጨመርለት። ጥጋብ ከሆድ ወደ አንጎል ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋልና።

ስለ ጉርሻ የጻፉት ነው እሳቱን የለኮሰው። ልጅ ጠገብሁ ካለ በኋላ ተለምኖ የሚጎርሰው እያንዳንዱ ጉርሻ የራሱን ጥጋብ እንዳያምን ያስተምረዋል አሉ። አሜሪካዊቷ የሥነ ምግብ ባለሙያ ኤሊን ሳተር የሥራ ክፍፍል ያለችውንም ጠቀሱ፦ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ ይብላ አይብላ፣ ምን ያህል ይብላ የሚለው የልጁ ነው። የማይወደውን ምግብ በተመለከተም፣ ሳይገደድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ በትንሽ በትንሹ ከቀረበለት ብዙ ልጅ ይለምደዋል። ጎመኑን ከጨረስህ ብስኩት አለ ማለት ግን ጎመኑን ዕዳ፣ ብስኩቱን ሽልማት ያደርገዋል፤ የተመራማሪዋ ሊያን በርች ሙከራዎች ያሳዩትም ይህንኑ ነው። ብስኩቱን ቆልፎ ማስቀመጥም አይሠራም። ከቤት መጥፋት ያለበት ነገር ከመጀመሪያው ባይገዛ ይሻላል።

መልስ 9 በጣም ሻከረ። ጉርሻን የነካ ባህልን ነካ፣ ጉርሻ ፍቅር ነው፣ የፈረንጅ ትምህርት እናት ለልጇ እንዳታጎርስ ሊከለክል ነው ብሎ ተነሳ። መምህሩን ከአንቱታ ወደ አንተ ማውረዱ ደግሞ ብዙዎችን አስቆጣ።

መልስ 10 አንዲት ሴት ሁለቱንም አስታረቀች። መጀመሪያ ጋሼን በአንቱታ እንዲጠራ ወንድሟን አሳስባ ወደ ጉዳዩ ተመለሰች። ማንም ጉርሻን አልከለከለም። የመጀመሪያዋ ጉርሻ ለፍቅር ትሰጥ፤ ሁለተኛዋ ልጁ ከጠየቀ ብቻ። ሦስት ዓመት ያለፈው ልጅ በራሱ እጅ ይብላ። ሲታመም ደክሞ የማይበላ ልጅ የተለየ ነው፤ እሱን ማጉረስ ማስታመም ነው።

መልስ 9 ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

መልስ 11 ወደ ምሳ ዕቃ ተሻገረ። የተለመደው ስህተት ትኩስ ምግብ እንደወረደ መክደን ነው፤ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውኃ ሆኖ ይወርድና ፍርፍሩን ያረጥበዋል፣ እስከ ምሳ ድረስም ያበላሸዋል። ተዘርግቶ በረድ ሲል ይከደን። ሽሮው ወፍራም ይሁን፤ ቀጭኑ ደብተር ላይ ይፈሳል። አጠገቡ ቆሎ በጨርቅ፣ አንድ ሙዝ፣ ከነልጣጩ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ጠርሙስ ውኃ። ለስላሳ በውኃ ፈንታ አይላክ።

መልስ 12 የምግብ ንጽህና ባለሙያ እርማት ሰጠ። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲሁ ሲቀመጥ ባክቴሪያ ይራባበታል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የታሸገ ምሳ 6 ሰዓት ላይ ሲበላ አምስት ሰዓት ሞልቶታል። ስለዚህ እንቁላሉ፣ ወተቱና ሥጋ ያለበት ነገር ባይላክ ይመረጣል፤ ለምሳ የሚቆየው ደረቁ ይሁን፦ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙሉ ፍሬ። ኦቾሎኒ ከተጨመረ የተጨማደደውና የጠቆረው ይለቀም፤ ሻጋታው ጉበትን ይጎዳል።

መልስ 13 ስለ ጾም የጠየቀች እናት ነበረች፤ መልሷንም ራሷ ይዛ ነበር። ረቡዕና ዓርብ እንቁላሉ በተልባ፣ በምስር ወይም በእፍኝ ኦቾሎኒ ይተካል፤ 30 ግራም ኦቾሎኒ ከ7 እስከ 8 ግራም ፕሮቲን አለው፣ አንድ እንቁላል ደግሞ 6 ግራም ያህል። በረመዳን ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን ያልደረሰ ልጅ የመጾም ግዴታ እንደሌለበት፣ እጾማለሁ ካለ ግን ስፖርቱ ወደ ማታ እንዲዛወርለት አንድ ሰው ከሥሩ አክሏል።

መልስ 14 የስፖርት መምህር ነው። ትምህርት ቤት ላይ አትተማመኑ አለ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ 60 ተማሪና አንድ ኳስ ባለበት አብዛኛው ልጅ ቆሞ ነው የሚያየው። 60 ደቂቃው የሚሞላው ከመንገድና ከግቢ ነው። 1.5 ኪሎ ሜትር የ9 ዓመት ልጅ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይራመደዋል፤ ደርሶ መልስ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ሆነ። ኮንትራት ባጃጁ የወሰደብን ይህን ነው፤ ልጁ በአምስት ደቂቃ ይደርሳል፣ የቀረው ጊዜም ወደ ቴሌቪዥን ይሄዳል። መጠኑን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልግም። እየሄደ ማውራት ችሎ መዝፈን ካቃተው መካከለኛ ነው፤ ጥቂት ቃል ተናግሮ ትንፋሽ ካጠረው ጠንካራ ነው። ቦርሳው ከክብደቱ አንድ አሥረኛ አይብለጥ። 28 ኪሎ ልጅ ከ2.8 ኪሎ በላይ አይሸከም።

ለክረምቱ ደግሞ ገመድ። ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው፤ ጓሮው ጭቃ ሲሆን በረንዳ ላይ የሚሠራው ዝላይ ነው። ልጁ የገመዱን መሐል ረግጦ ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ ሲስብ ብብቱ ጋ ሊደርስ ይገባል። ከረዘመ እግር ይጠልፋል፤ ካጠረ ልጁን ያጎብጠዋል። ቀጭን ሲባጎ ቀላል ስለሆነ አየር ላይ ይጣመማል፤ ወፈር ያለው ገመድ ይሻላል። 30 ሴኮንድ ዝላይ፣ 30 ሴኮንድ ዕረፍት፣ አሥር ዙር። ሱዚና ሰኞ ማክሰኞም ከዚሁ ይቆጠራሉ።

መልስ 15 በእርሱ ላይ የተጨመረ፣ አጭርና የሚያም ነው። ሴት ልጅ አትሮጥም በሚባልበት ቤት ይህ ሁሉ ለወንዶቹ ብቻ ነው። ጠራርጋ ውኃ ቀድታ ስትጨርስ ደክሟታል፤ ሥራው እንቅስቃሴ ነው፣ ግን አጥንት የሚያጠነክረው ዝላይ የለበትም። ወንዱ እየጠረገ እሷ 20 ደቂቃ ትዝለል። እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

መልስ 16 እና 17 ከርዕስ ወጡ። አንዱ የእሑድ የቤተሰብ ጉዞ ወደ ጂረን ይሁን፣ ዳገቱ ለልጅ ግሩም ነው አለ። ሁለተኛው እዚያው ጂረን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አንስቶ ስለ ታሪኩ አብራራ። ከመሐል ከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንንሾቹ ግማሹን በባጃጅ ሄደው ዳገቱን ብቻ ቢወጡ እንደሚበቃ የስፖርት መምህሩ ገብቶ ወደ ጉዳያችን መለሰን።

መልስ 18 የ9 ዓመት ልጁን ክብደት በቁመት ካሬ አካፍሎ 16.6 ያገኘ አባት ከ18.5 በታች ስለሆነች ከስታለች ብሎ ተጨነቀ። ልጅቱ 130 ሴንቲ ሜትር፣ 28 ኪሎ ናት። ነርሷ በመልስ 19 አረጋጋችው። 18.5 የአዋቂ ልክ ነው፤ ለልጅ የሚነበበው በዕድሜና በጾታ የተለየው የዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ ነው፤ በዚያ ላይ ልጅቱ ከመሐል አጠገብ ናት። ስትለካ ጫማ አውልቃ፣ ተረከዟን ግድግዳ አስነክታ ይሁን። ከአንድ ልኬት ይልቅ በየሦስት ወሩ የሚታየው አቅጣጫ ይበልጣል።

መልስ 20 ማንም ያላነሳውን አነሳ። ጫት ነው። ከሰዓት በኋላ ምንጣፍ በሚነጠፍበት ቤት ትልልቆቹ የምግብ ፍላጎት ስለማይኖራቸው እራት አይታሰብም ወይም ወደ 3 ሰዓት ይገፋል። ልጁ ዳቦ በሻይ ይዞ ይቆያል፤ መብራቱና ቴሌቪዥኑ እስከ ሌሊት ይበራሉ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ሲቀሰቀስ ቁርስ አይወርድለትም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። የልጁ እራት ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ፣ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስም እንዲተኛ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

መልስ 21 እና 22 ሰደቡት። ጅማን ሰደብህ፣ በሰው ቤት ገባህ የሚል ነበር። ጸሐፊው ስለ እራት ሰዓት እንጂ ስለማንም ክብር አልጻፈም፤ ስድቡን አስወግጃለሁ፣ ሐሳቡ ግን ይቆያል።

መልስ 23 ወደ እግር መንገዱ ተመልሶ አንድ አሠራር አቀረበ። ከስምንት እስከ አሥር ልጆች አብረው ወደ ትምህርት ቤት በእግር ይሂዱ፤ ሁለት ወላጅ በተራ ይምሯቸው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። ሦስት መቆሚያ፣ ለእያንዳንዱ የታወቀ ሰዓት፤ የዘገየ ልጅ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይጠበቅም፤ አለዚያ በሳምንቱ ሁሉም ይተወዋል። የእግረኛ መንገድ በሌለበት በግራ ዳር፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያዩ ይኬዳል። በዝናብ ጃንጥላ የልጁን ዓይን ስለሚጋርድ የዝናብ ልብስ ይሻላል። የነገውን ቀን ቀድሞ ማታ መስማማት እንጂ ጠዋት እየደወሉ መጠየቅ አይሠራም።

መልስ 24 ሐሙስ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቀ። በገበያው ቀን ወደ ሒርማታ የሚወርደው መንገድ በጭነት መኪና፣ በጋሪና በአህያ ይጨናነቃል፤ ትንንሾቹን ማሳለፍ አስፈሪ ነው።

መልስ 25 የውስጥ ለውስጡን መንገድ ጠቆመ። ከዋናው 300 ሜትር ያህል ስለሚረዝም አምስት ደቂቃ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሌላ ቀን 1 ሰዓት ከ15 የነበረው መነሻ ሐሙስ ሐሙስ 1 ሰዓት ከ10 ይሁን ተባለ። ከመቆሚያዎቹ አንደኛው የትኛው በር ላይ እንደሚሆን ገና ስላልተወሰነ በዚያ ሰፈር ያላችሁ ሐሳብ ስጡበት።